ሼህ ይማም የገቡበት ውኃ

ቀዝቃዛ ውኃ ለተጎዳ ሰውነት መድኃኒት እንደሚሆን ዛሬም አምናለሁ። ጉልበቴ ምስክሬ ነው። ባላምን ኖሮ ይህን ታሪክ መናገር ይቀለኝ ነበር፤ በማይረባ ነገር ተታልዬ ነው ብዬ ጥፋቱን ውኃው ላይ እጥለው ነበርና። ውኃው ግን ምንም አላደረገም። የሆነውን ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

መካነ ሰላም ከተማ የስፖርት መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ወረኢሉ ነው። ከመምህርነት በፊት ሯጭ ነበርኩ። አዲስ አበባ በአንድ ክለብ ታቅፌ ረጅም ርቀት እሮጥ ነበር። ስሜ ገና ሊሰማ ሲል የግራ ጉልበቴ ከዳኝ። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ለመራመድ በቃሁ እንጂ ለመሮጥ አልበቃሁም። ክለቡ አሰናበተኝ። የስፖርት ትምህርቴን ጨርሼ ስለነበር ሥራ ስፈልግ ዕጣዬ መካነ ሰላም ላይ ወደቀ።

ክለብ ሳለን ከከባድ ልምምድ በኋላ በረዶ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ እስከ አንገታችን እንገባ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የማያለቅስ አልነበረም። ስንለምደው ግን የዛለ ሰውነታችን ሲፍታታ፣ ያበጠ እግራችን ሲጎድል በዓይናችን አየን። አሰልጣኛችን አጥብቆ የሚይዘው አንድ ሕግ ነበረው፤ ማንም ብቻውን አይገባም። አንዱ ሲገባ ሌላው በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ያወራዋል። መልሱ ከዘገየ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ ጎትቶ ያወጣዋል። ልቡ ደካማ የሆነ ሰው ጭራሽ እንዳይሞክረው ይነግረን ነበር።

መካነ ሰላም በረዶ የሚሸጥ የለም። ብርድ ግን እግዜር አላሳጣንም። ከጥቅምት ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ከከተማው ቁልቁል ስትወርዱ፣ ወንዙ ከትልቅ ድንጋይ ሥር ታጥፎ የሚተኛበት ጥልቅ ኩሬ አለ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እየወረድኩ እዚያ መግባት ጀመርኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቴ ማበጡን ተወ። ከክለብ ከወጣሁ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ጨለማም ቀስ በቀስ ገፈፍ አለልኝ። እንቅልፍ መጣልኝ፤ ተማሪዎቼ ላይ መጮህ ቀነስኩ። ዋና ስለማውቅ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጆሮዬን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንሳፈፋለሁ። የሚሰማኝ የልቤ ምት ብቻ ነው። ያቺ ሰዓት በዓለም ላይ የእኔ ብቻ የሆነች ሰዓት ነበረች።

ችግሩ፣ ከኩሬው በላይ ባለው ዳገት ገበያ የሚወጡ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ አለ። በውርጭ ውኃ ውስጥ የምትተኛ ሴት አይተው አያውቁም። አንዳንዱ ጅን ለክፏት ነው አለ፤ አንዳንዱ እየቆመ ይጣራል። መጀመሪያ መጀመሪያ እመልስ ነበር። እወጣለሁ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ስለ ጉልበቴ አስረዳለሁ፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ፤ የእኔም ሰዓት አብራ ትሄዳለች። እየቆየ ሰለቸኝ። ድምፅ ስሰማ እንዳልሰማ መሆን ለመድኩ። አከራዬ እትዬ አበበች ጸበል እንኳ ሲገቡ ሰው ያስከትላሉ እያለች ብትመክረኝ፣ እሷን በብርድ ማስነሣት ነውር ነው በሚል ሰበብ አለፍኩት። እውነቱ ግን አጠገቤ ሰው እንዲኖር አለመፈለጌ ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ትምህርት የለም። ፀሐይ ገና ዳገቱን ሳትወርድ ደረስኩ። ቱታዬንና ፎጣዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ በቁምጣና በካናቴራ ቀስ እያልኩ ገባሁ። ብርዱ ትንፋሽ የሚነጥቅበትን የመጀመሪያውን ጊዜ ታገሥኩና ተንጋለልኩ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ከመንገዱ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤

“አንቺ ልጅ!”

በግድግዳ በኩል እንደሚመጣ ድምፅ ነበር፤ ግን ሰምቼዋለሁ። ደግሞ አንዱ መጣ አልኩ በልቤ። ድጋሚ ተጣራ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን በትክክል መናገር አለብኝ። አየር ሳብኩና ጆሮዬ የበለጠ እንዲጠልቅ ጭንቅላቴን ወደ ታች ለቀቅሁት። ውኃው እስከ ግንባሬ መጣ። ድምፁ ጠፋ። ዝም በማለቱ ደስ አለኝ።

ዝም ያለው ለካ ቁልቁለቱን እየወረደ ስለነበር ነው።

ውኃው ሲናወጥ መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ቀጥሎ ድንጋይ ሲንሸራተት፣ ከባድ ነገር ውኃውን ሲመታው ሰማሁ። ቀና ስል ነጭ ጥምጣም ውኃው ላይ ተዘርግቶ አየሁ። ከጥምጣሙ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ደረታቸው ሰምጦ፣ ውኃ የጠጣው ጋቢያቸው ወደ ጥልቁ እየጎተታቸው ነው። ብርዱ ትንፋሻቸውን ስለነጠቃቸው አፋቸውን ከፍተው አየር ሲፈልጉ ውኃ ይገባባቸዋል። እጆቻቸው የተዘረጉት ወደ ዳር አልነበረም፤ ወደ እኔ ነበር።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ጋቢውን ከትከሻቸው አላቅቄ ለወንዙ ሰጠሁት። ብብታቸውን ይዤ በጀርባዬ እየዋኘሁ ወደ ዳር ጎተትኳቸው፤ ድንጋዩ ላይ ሳወጣቸው ጉልበቴ ሲንቋቋ ተሰማኝ። በጎናቸው አስተኛኋቸው። ውኃ አስመለሳቸው፤ ሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሳሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

“ልጄ፣ አለሽ?” አሉኝ።

ጎንበስ አልኩላቸው። ደግመው ጠየቁኝ።

“አለሁ አባቴ” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ደግሞ በቁምጣ መሆኔን ስላስተዋሉ ነው መሰል ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ “ልበሺ ልጄ፤ ይበርድሻል” አሉኝ።

ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ የምትበላኝ።

ሼህ ይማም ይባላሉ። ያን ጊዜ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ወንዝ ማዶ ባለ መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ሲኖር እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸውን ይጠራል። የዚያን ቀን ጠዋትም በአባታቸው መሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ በበቅሏቸው እየሄዱ ነበር። በቅሎዋ ኮርቻዋን እንደጫነች መንገዱ ዳር ቆማለች።

እርጥብ ልብሳቸውን ላወልቅ ስል እጄን ያዙኝ። የሰው ሴት ልጅ ራቁቴን ልታየኝ ነው ብለው አፈሩ። እንደ ልጅዎ ይዩኝ ብዬ ለመንኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አወለቅሁላቸው። በፎጣዬ አደረቅኋቸው። ቱታዬን አለበስኳቸው፣ በቅሎዋን ከመንገዱ ስቤ አወረድኩና ከኮርቻው ላይ አጎዛውን አንሥቼ ደረታቸው ላይ አደረግሁ። እኔ በእርጥብ ካናቴራ ቀረሁ። በቅሎዋ ላይ ላወጣቸው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም። ቀጥሎ የፈራሁት ነገር መጣ፤ መንቀጥቀጣቸው ቆመ። የማያውቅ ሰው ቢያይ ተሻላቸው ይላል። ለእኔ ግን አሰልጣኛችን ደጋግሞ ነግሮኛል። መንቀጥቀጡ የቆመ በብርድ የተመታ ሰው፣ ሰውነቱ ትግሉን እየተወ ነው። ስማቸውን ጠየቅኋቸው። “ይማም” ለማለት ብዙ ቆዩ።

ወደ መንገዱ ዞሬ ጮህኩ። አያችሁ፣ አሁን ደግሞ የምጣራው እኔ ነኝ። ነጭ ሽንኩርት ለገበያ የጫኑ ባልና ሚስት ሰምተው እየሮጡ ወረዱ። አያ ደምሴና እትዬ የሻረግ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከዳገቱ በላይ ነው። ሁለቱም ሼሁን ያውቋቸዋል። አያ ደምሴ ምንም ሳይጠይቅ አዘላቸው። ሚስትየው ነጠላዋን አውልቃ ለእኔ ጣለችልኝ። ሽንኩርቱ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ፤ ሽማግሌው እኔን ሊያወጡ እንደገቡ ዳገቱን ስንወጣ ነገርኳቸው።

ቤት እንደገባን የሻረግ እሳት አነደደች። ደምሴ ሼሁን እሳቱ አጠገብ አስቀምጦ እግራቸውን ሊያሽ ሲል ከለከልኩት። ሰውነቱ እንዲህ የቀዘቀዘ ሰው እጅ እግሩ በድንገት ከሞቀ፣ ቀዝቃዛው ደም ወደ ልቡ ተመልሶ ሊገድለው ይችላል፤ ደረትና ብብት ነው መሞቅ ያለበት፣ እሱም ቀስ ብሎ። ይህን ላስረዳው ብሞክር በቁጣ አየኝ።

“ሰው በብርድ ሲሞት እሳት ይከለከላል?” አለኝ። “ውኃ ውስጥ የከተትሻቸው አንቺ ነሽ። ደግሞ ልታስተምሪን ነው?”

ልክ ነበር። ሚስትየው ግን ወደ እኔ ዞራ ታዲያ ምን እናድርግ አለች። መደብ ላይ እናስተኛቸው፤ የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን ብብታቸው ሥር እናድርግ፤ አንድ ሰው ልብሱን አውልቆ በብርድ ልብስ ውስጥ ይቀፋቸው አልኩ። ደምሴ ሸሚዙን አውልቆ ገባና እንደ ወንድሙ አቀፋቸው። ቁጣው ከፊቱ ሳይለቅ ነው ያቀፋቸው። የሻረግ እንደ ልማዷ አረቄ አነሣች፤ ወዲያው ሼህ መሆናቸው ትዝ ሲላት መለሰችው፤ እኔም ለእንዲህ ያለው ብርድ አረቄ ጭራሽ አይሆንም አልኳት። የነቢያት ጾም ስለነበር ቤቱ ወተት አይጠጣም፤ ለቅቤ ካጠራቀመችው ቀንሳ አሞቀችና በማር በጠበጠችው። መዋጥ እስኪችሉ ጠበቅን።

ያ ጥበቃ ስንት እንደፈጀ አላውቅም። የማውቀው ዓይኔን ከከንፈራቸው አለማንሣቴን ነው። በየመሐሉ ስማቸውን እጠራለሁ፤ አይመልሱም። የምሞትበት ቀን ቢሆን እንዲህ አልፈራም። በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔን ሲጠሩኝ ዝም እንዳልኳቸው እሳቸውም ዝም አሉኝ።

በመጨረሻ ደምሴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ “ተንቀጠቀጡ” አለ። ሲንቀጠቀጡ አይቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወተቱን በማንኪያ ሰጠናቸው። ትንፋሻቸው ግን ይቆራረጥ ነበር፤ ደረታቸው ውስጥ እንደሚፈላ ነገር ይሰማል። ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ ተሠራ፤ እስከ መኪና መንገዱ ተሸክመናቸው ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን።

ሐኪሙ ውኃ ሳንባቸው ገብቷል አለ። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ማታውን ትኩሳት ያዛቸው፤ የሳንባ ምች ሆነ። ከባሰ ደሴ መሄድ ነበረባቸው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰሞን አስተማማኝ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። ማን እንደሆንኩ ሰዎች ነግረዋቸዋል። ባሌን ጎትታ ያወጣች ልጅ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን መቻል አቃተኝ።

“እናቴ፣ ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ” አልኳቸው። “ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት።”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። በልቤም ተመኘሁት።

“ይህን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?” አሉ ቀስ ብለው። “ሐቁ የእሳቸው ነው። አላህ ሲያስነሣቸው ለእሳቸው ትነግሪያለሽ። አሁን አብሽሪ፤ ምሳም አልበላሽም።”

ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። ያን ዳቦ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ትኩሳቱ ቀናት ፈጀ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያው ነኝ። ጎብኚው ብዙ ነው፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። ትኩሳቱ በለቀቃቸው ቀን ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዱ፣ ዋና ሳያውቁ ምን አስገባዎት ብሎ ጠየቃቸው። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሼህ ይማም በደከመ ድምፅ ነገሩት። መጀመሪያ ሲያዩኝ የሞትኩ መሰላቸው። ሲጠሩኝ ግን ጭንቅላቴ ተንቀሳቀሰና ወደ ታች ሰመጠ፤ ያን ጊዜ ነፍሷ አልወጣችም፣ ገና እየወጣች ነው አሉ። ባልደርስባት እንኳ፣ አሉ፣ ሬሳዋን ውኃ ሳይወስደው ለእናቷ ላድርስላት ብዬ ገባሁ።

ሰዉ አላህ ይስጥዎ አለ። እኔ ወጥቼ ከግንቡ ጀርባ ተቀመጥኩ። ድምፃቸውን ላለመስማት ያደረግሁት ያ እንቅስቃሴ ነው ውኃ ውስጥ ያስገባቸው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ የሞተች ናት ብለው ሰው ሊጠሩ ይሄዱ ነበር። እጄን ባነሣ ኖሮ ሰላምታ ሰጥተውኝ ያልፉ ነበር።

ስመለስ ስለ ወንድማማቾቹ እያሰቡ ነበር። ሂጂና ለምን እንደቀረሁ ንገሪልኝ አሉኝ። ሄድኩ። ታላቅየው በቀጠሮው ዛፍ ሥር እስኪመሽ ጠብቆ፣ ታናሼ ነው ሽማግሌውን ያስቀረብኝ ብሎ በቁጣ ምሎ ሄዷል። በማግሥቱ በዱላ ተገናኝተው ታናሽየው ክንዱ ተሰብሯል። የሆነውን ስነግራቸው ሁለቱም ለሼሁ አዘኑ፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተያዩም። እስከ ዛሬም አይነጋገሩም። ይህን ለሼህ ይማም ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሲሰሙ ከትኩሳቱ ይልቅ እሱ ያመማቸው መሰለኝ።

ከሆስፒታል ወጡ። እኔም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እገባና የበቅሎዋን ጤና ጠይቄ እወጣለሁ። ወንዝ መውረዱን አቆምኩ። ጉልበቴ እንደገና ማበጥ ጀመረ፤ ማነከሴም ተመለሰ። አንድ ቀን፣ በልግ እየገባ ሳለ፣ ማነከሴን አዩና ውኃው ይሻልሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ታዲያ ስለ እኔ ብለሽ ነው የተውሽው? ሲሉኝ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። መስማቴን፣ ጭንቅላቴን አውቄ ማስመጤን፣ ዝም ሲሉ ደስ ማለቴን ሁሉ ነገርኳቸው። ሐቅዎ አለብኝ፤ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ወይዘሮ ዘይነባ ጓዳው በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ሼህ ይማም ወደ ደጅ፣ ወደ በቅሎዋ ሲያዩ ቆዩ።

“አውፍ ብዬሻለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ውኃሽንም አትተዪ፤ ሰውነትሽን በእኔ ሰበብ አትበድዪው።” ሳል አቋረጣቸው። ሲያልፍላቸው ቀጠሉ። “ሰው ሲጠራሽ ግን አቤት በይ።”

ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

አሁን ግቢያችን ውስጥ በርሜል አለኝ። ማታ ውኃ እሞላዋለሁ፣ ሌሊቱን ብርዱ ያቀዘቅዘዋል፤ ጠዋት እትዬ አበበች በርጩማዋን አምጥታ አጠገቤ እየተቀመጠች ወሬ ታወራኛለች። ወሬዋ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እመልሳለሁ። ጉልበቴ ተሽሎታል። ከእናንተ መሐል በስልክ አይታችሁ ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ አትፍሩ አልልም፤ ልባችሁን በሐኪም አስመርምሩ፣ ብቻችሁን አትግቡ፣ የት እንዳላችሁ ሰው ይወቅ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ አልነበረም የሳትኩት። ለራሴ ጤና የምሮጠው ሩጫ ከሰው የሚያርቀኝ ከሆነ፣ ጤና ሳይሆን ሌላ በሽታ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሰላሜን ስጠብቅ የሰውን ድምፅ እንደ ዝንብ የምቆጥር ሴት ሆኜ ነበር።

ሼህ ይማም ዛሬም ይኖራሉ። ወደ ቆላ ቀበሌዎች እየወረዱ ማስታረቁን ግን ትተውታል፤ ደረታቸው ዳገት አይችልም። ታራቂዎቹ ቤታቸው ይመጣሉ፤ መምጣት የማይፈልጉት እንደተጣሉ ይቀራሉ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ዳገት ወደ መስጊድ ሲወጡ አያቸዋለሁ። መሐል ላይ ሲደርሱ ግንቡን ይዘው ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸውን ይጠብቃሉ። እኔም ክፍሌ ውስጥ ማስተማሬን አቁሜ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ይቅር ብለውኛል፤ ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ትንፋሻቸው ግን እንደዚያው ነው። እንደገና መራመድ እስኪጀምሩ አልቀመጥም።